የሩፋኤል ዝናብ የገባበት ገንዳዬ

ሳቁና ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ። ደባርቅ ላይ፣ ሰው በሐምሌ ፊቱን ለመታጠብ ከራሱ ጋር በሽማግሌ በሚደራደርበት ብርድ፣ በጓሮዬ የመዋኛ ገንዳ አለኝ። የከተማው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ስቆበታል። ለእናንተ የተረፈ ሳቅ ካለ እዚሁ አውጡትና ወደ ጉዳዬ እንግባ።

ስሜን አልነግራችሁም። ስሜን የነገርኩት ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሆነ ቅጽ ላይ ጽፎ አስፈርሞኛል። ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ይህ ይበቃችኋል። ገና ስቀጠር በመምህራን ክፍል ውስጥ «ሴት ደግሞ ከሽሮና ከበርበሬ ሌላ ምን ታዋሕዳለች?» ያለው የፊዚክስ መምህር ዛሬ በሕይወት የለም። ነፍሱን ይማር። አልረሳሁትም። ስሸኝ ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ የግድግዳ ሰዓት በሦስተኛው ቀን ቆመ፤ እኔ ለራሴ የሰጠሁት የሊትመስ ወረቀት ግን እስካሁን ይሠራል።

ገንዳው የቅንጦት አይደለም፤ የጉልበቴ ነው። ጎንደር ያየኝ ሐኪም «ውኃ ውስጥ ይራመዱ፤ ውኃው ክብደትዎን ይሸከምልዎታል» አለኝ። «ባሌ ያልተሸከመውን?» ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም፤ ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ልጄ ዮናስ ባሕር ዳር የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ መጥቶ ርዝመቱ ስምንት እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ደረቴ የሆነ ገንዳ በሲሚንቶ ሠራልኝ። ፀሐይ እንዲያሞቀው በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ላስቲክ ወጠረበት። ጎረቤት መጀመሪያ መቃብር መሰለው። ቀጥሎ በግ መድኃኒት የሚነከርበት ነው ተባለ። ከላይ ያሉት ጎረቤቴ አንድ ቅዳሜ ሁለት በጎች እየነዱ መጡ። በጎቹን መለስኩ፤ ሰላምታው ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ።

ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ታላቅ እህቱ ግን አለች፤ አስካል ትባላለች፤ ዳባት ትኖራለች። አርባ ዓመት ሙሉ «እትዬ፣ እርስዎ» እያልኩ ኖሬያለሁ። ይህ ጽሑፍ ግን የእኔ ስለሆነ እዚህ ላይ «እሷ» ናት። በሠርጌ ቀን ከሚዜዎቹ መሐል ጎንበስ ብላ እግሬን አየችና «ቁርጭምጭሚቷ የፍየል ነው፤ ቤት አይሸከምም» አለች። አርባ ዓመት ቤት ተሸከምኩ። ጉልበቴ ያበጠ ዕለት ከዳባት ደወለችና፣ ደኅና ነሽ ወይ እንኳ ሳትል፣ «አላልኩም?» አለችኝ። ሰው ለአንድ ቃል አርባ ዓመት ይታገሣል?

ባለፈው ፋሲካ ዘመድ ቤቴ ተሰብስቦ ስለ እኔ መከረ። እኔም ነበርኩ፤ በግ ሥጋ ሳቀርብ።

«ብቻዋን ወድቃ ብትቀርስ?» አለች አስካል። «ዳባት እኔ ዘንድ ትምጣ። ክፍል አለኝ።»

ክፍሉን አውቀዋለሁ። በሩ የሚከፈተው ወደ እሷ መኝታ ቤት ነው። ለመውጣት በአልጋዋ አጠገብ ማለፍ አለብኝ፤ «የት ነው ሙሽሪት?» ትለኛለች። ይህን ዕድሜዬን ይዤ ዛሬም ሙሽሪት ነው የምትለኝ።

ጮህኩ፤ አለቀስኩ፤ የልጄን ስም ጠራሁ። በመጨረሻ ከዘመዱ መሐል ያሉት ሽማግሌዎች እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ በደመራ ዕለት ከቤቴ አደባባዩ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ደመራውን ሦስት ጊዜ ዞሬ፣ ያለ ምርኩዝና ያለ ሰው ክንድ ከተመለስኩ በቤቴ እኖራለሁ። ካቃተኝ ዳባት እሄዳለሁ።

ክረምቱን ሙሉ በዚያ ገንዳ ውስጥ ተራመድኩ። ካልሲ አድርጌ፣ ሻሽ አስሬ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ከግድግዳ ግድግዳ። ውኃው የተማሪ ደብተር ሥሩ ቢቀመጥ እስከሚነበብ ድረስ የጠራ ነበር፤ በየሳምንቱ በሊትመስ እፈትነዋለሁ፣ በረኪናውን ለክቼ እጨምራለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የደጄን ሦስት ደረጃዎች ግድግዳ ሳልይዝ ወጣሁ። ከላይኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ወደ ዳባት አቅጣጫ ዞሬ ምን እንዳልኩ አልጽፍም።

ከዚያ ጳጉሜን ሦስት መጣ።

የሩፋኤል ዕለት የሚዘንብ ዝናብ ጸበል ነው ተብለን ነው ያደግነው። ልጆች ሳለን ልብሳችንን ጥለን እንወጣበት ነበር። እናቴ ለዘመን መለወጫ ሊጥ ከዚያ ዝናብ ጠብታ ሳትጨምርበት አታቦካም። ኬሚስትሪ እንዲህ የሚል ነገር የለውም። ግን ኬሚስትሪ ጉልበት የለውም፤ አያመውም። ጠዋት ሰማዩ ሲጠቁር አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ ላስቲኩን ለአንድ አፍታ ብገልጠውና ጥቂት ጠብታ ብትገባበትስ? ከሐኪሙም ከመልአኩም ብሆን ምን ይጎድልብኛል? ሠላሳ ዓመት «ያልለካችሁትን አትጨምሩ» እያልኩ ያስተማርኩ ሴት፣ ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁት።

ጥቂት ጠብታ አልገባም። ሰማዩ የያዘውን ሁሉ ደፋው፤ ግማሹ በረዶ ነበር። ገመዱን መልሼ ላስር ብል የራሰ ገመድ ጣቴን አላስገባ አለኝ። ነፋሱ ላስቲኩን ከነአጣናው ነቅሎ ወደ ላይኛው ጎረቤቴ ግቢ ወሰደው። ኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ድርቆሻቸውን ሸፍነውበታል።

«የእኔ ነው» አልኳቸው።

«ከሰማይ ነው የመጣው» አሉኝ። በበጎቹ ጉዳይ ተቀያይመን እንደነበር አስታውሱ።

ላስቲኩ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ውኃው ከእሳቸው ከብቶች ማደሪያ አዛባውን እየጠረገ ወርዶ፣ ቦዬን ሞልቶ፣ ገንዳዬ ውስጥ ገባ። ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። እኔ ዣንጥላ ይዤ አጠገቡ ቆሜ «በቃ፣ በቃ፣ ደረሰኝ» እላለሁ።

ዝናብም ውኃ ነው፣ ገንዳም ውኃ ነው፣ ምን ይጎዳል የሚል አለ። ይጎዳል። የገንዳ ውኃ በስንት ልመና የተስማማ ቤተሰብ ነው። ክሎሪኑ ዘበኛ ነው፤ ተሐዋስያንን ያባርራል። በውኃው የሟሙት ጨዎች ደግሞ ቻዮች ናቸው፤ አሲድ ቢመጣ ተሸክመው ያሳልፉታል፣ ነገር አያባብሱም። ዝናብ ግን ጨው የለውም፤ በአየር ላይ ሲወርድም ትንሽ አሲድነት ይዞ ይመጣል። ሲገባ ዘበኛውን ያቀጥነዋል፣ ቻዮቹን ያሳሳቸዋል። ከዚያ ወዲያ በጠብታ ነገር ውኃው ይለዋወጣል። ጎርፉ ያመጣው አዛባ ደግሞ ለአልጌ ቀለብ ነው። ቀለብ አለ፣ ዘበኛ የለም፤ ባል የሞተባት ሴት ቤት ዘመድ እንደሚገባው አልጌ ይገባል።

በማግስቱ ውኃው አጥሚት መሰለ። ፀሐይ ስትወጣ ተልባ መሰለ። በዘመን መለወጫ ዕለት ከከተማው በላይ ያለው ሜዳ ሁሉ አደይ ለብሶ ቢጫ ሲሆን፣ የእኔ ገንዳ ቃሪያ ሆነ። እግሬን ላገባ ስሞክር አንድ ነገር ወደ ውስጥ ዘለለ። እንቁራሪት ነበረች። ከእኔ በፊት ገብታ ተደላድላለች።

ደመራ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጉልበቴ ደግሞ ከውኃው በተለየ በሦስተኛው ቀን መጮህ ጀመረ።

ሱቅ ያለውን በረኪና ገዝቼ ደፋሁበት። የዘንድሮ በረኪና እሱ ራሱ ዝናብ የገባበት ነው፤ ምንም አላለውም። ወደ ጎንደር ሰው እንዳልልክ መንገዱ ያን ሰሞን አይታመንም። የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ አዱኛ። ቀድሞ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ የከተማውን ውኃ ጥራት የሚቆጣጠር እሱ ነው። ወደ እሱ ላለመሄድ ሁለት ቀን ራሴን ለመንኩ። በሦስተኛው ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ።

«ቲቸር! ይግቡ፣ ይቀመጡ!» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ደግ ሰው ይመስላል። ደግ የሚመስል ሰው እፈራለሁ።

የሆነውን ነገርኩት። ስጨርስ እጁን አጣጥፎ፣ «አሥረኛ ክፍል እያለሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አውጥተው የጠየቁኝ ትዝ ይልዎታል?» አለኝ።

«አይለኝም» አልኩ። ይለኛል።

«አሲድ ለማርገብ ምን ይጨመራል ብለው ጠየቁኝ። ስኳር አልኩ። እርስዎም ‹ይኼ ልጅ ሻይ ቤት ይክፈት› አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ሻይ ቤት እየተባልኩ ነው የጨረስኩት።»

«ታዲያ ከፈትክ?»

«አልከፈትኩም፣ ቲቸር።»

«ይኸው፣ ለጥቅምህ ነው የተናገርኩት።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ሰው ምስማር ይመታል። «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት» አለ። «ዝናብ የገባበት ገንዳ ላይ ክሎሪን ከመጨመር በፊት ምን ይስተካከላል?»

ታምናላችሁ? ጠፋኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ከአፌ ጠፋ። አዱኛ ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ በትሕትና ነው የጠበቀኝ፤ ይህም አበሸቀኝ።

«አሲዱን የሚችለው አቅሙ ነው፣ ቲቸር» አለኝ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ሶዳ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ውኃው አቅም ሲያገኝ ከዚያ ክሎሪን። አቅም የሌለው ውኃ የጨመሩበትን ሁሉ ወዲያና ወዲህ ነው የሚያላጋው።» ለቤቱ ካስቀመጠው የክሎሪን ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝ። በር ድረስ ሸኘኝና፣ «ውጤትዎን ለጊዜው ‹ያልተሟላ› ብዬ ይዤዋለሁ» አለኝ።

የከተማውን ቤኪንግ ሶዳ በሙሉ ሰበሰብኩ። በመናኸሪያው በር ፓስቲ የምትጠብሰው ሴት ቤቴ ድረስ መጥታ «ቲቸር፣ ፓስቲዬ እንደ ቁርበት ተኛብኝ፤ ምን አድርጌዎት ነው?» ብላ አለቀሰች። ይህን ሁሉ አድርጌ አልበቃ አለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሁለተኛው ጥፋቴ። አመድ አልካሊ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ዳቦ ቤቱ አመዱን የሚጥልበት አጥቶ ነበርና በኩንታል አስመጣሁ። በጥቂት በጥቂቱ? ደመራ ስምንት ቀን ቀርቶት? ሦስት ኩንታል አራገፍኩበት።

ውኃው አሮጌ ብርድ ልብስ መሰለ። ቀዩን ሊትመስ ስነክረው ሳላወጣው ሰማያዊ ሆነ። ክሎሪን ደግሞ አልካሊ በበዛበት ውኃ ይተኛል፤ ብትጨምሩበትም እያንኮራፋ ያያችኋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዕቃዬን በሐሳቤ አሰርኩ፤ የአስካልን ጣሪያ በሐሳቤ አየሁት።

ከዚያ በባልዲ እየቀዳሁ መድፋት ጀመርኩ። ሦስተኛውን ባልዲ ሳፈስ አንዲት ጎረቤት በአጥሩ አየችኝ።

«ውይ ቲቸር! የሩፋኤልን ውኃ መሬት ላይ?»

«የቆሻሻ ውኃ ነው።»

«ጳጉሜን ሦስት አይደል የገባበት? ሰው ሁሉ አይቶታል እኮ፤ ራስዎ አይደሉም እንዴ ላስቲኩን የገለጡለት?»

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ ጀሪካን ተሰልፏል። ይህ ውኃ አዛባ ገብቶበታል፣ አመድ ገብቶበታል፣ በረኪና ገብቶበታል አልኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ቀዱ። «አይጠጣም» ብዬ በካርቶን ጽፌ ሰቀልኩ። አንዱ የድሮ ተማሪዬ ጠጋ ብሎ አነበበና፣ «ማህተም የለውማ» አለ። ደግነቱ ጠረኑ አስፈርቷቸው ለሰውነት እንጂ ለመጠጥ የደፈረ አላየሁም።

የንስሐ አባቴን መምሬ አድማሱን አስጠራሁ። በዕድሜ ልጄ ናቸው፤ ግን «ልጄ» ይሉኛል። ገንዳውን ዞረው አዩት፤ አሸተቱት፤ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አባ፣ ይህ ጸበል ነው ወይስ አይደለም? ይንገሩልኝ።»

«ዝናቡ የሩፋኤል ነው፤ አዛባው የጎረቤትሽ ነው» አሉ። «እኔ መለየት አልችልም።»

«መድኃኒት ልጨምርበት እፈልጋለሁ። ኃጢአት ነው?»

አፍንጫቸውን ለቀቁ። «ሩፋኤል የጦቢትን ዓይን ያበራው በምንድን ነው፣ ልጄ? በዓሣ ሐሞት ነው። መልአኩ መድኃኒት አይጸየፍም።» ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ሰው ሲያይ አታድርጊው። ጥያቄው ወደ እኔ ነው የሚመጣው።»

እንግዲህ እዩት። ጀሪካኑ አራት ቀን ገንዳውን ወደ ግማሽ አወረደው፤ የመስከረም ዝናብ ከላይ ሞላው፤ ዝናቡ ያቀጠነው ሦስቱን ኩንታል አመዴን ነበር። ያጠፋኝ ዝናብ ሳልለምነው ካሠኝ። ሊትመሱ ተረጋጋ። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ የአዱኛን ዱቄት በእጄ ለክቼ ጨመርኩ፤ በማግስቱ ደገምኩ። አልጌው ሞቶ ወደ ሥር ወረደ፤ በቆርቆሮ አካፋ ጠረግሁት። እንቁራሪቷ ሳትሰናበተኝ ሄደች። መስከረም አሥራ አራት ቀን ውኃው ብርጭቆ ሆነ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር፤ አንድም ሰው አላየውም።

አስካል የመጣችው በዚያው ቀን ነው። ዮናስ ከመናኸሪያ በባጃጅ አመጣት። ልብሴን የምትከትበት ባዶ ሻንጣ ይዛለች። በሩ ላይ የቆሙትን ባለጀሪካኖች አይታ፣ ወሬውን ከእነሱ ሰምታ፣ እኔን ሳትስም ወደ ጓሮ አለፈች።

«ይኼ ነው ቃሪያ ይመስላል ያሉኝ?»

«አዎ ቃሪያ ነበር» አለች ጎረቤቴ። «በጸሎት ጠራ!»

«በክሎሪን ነው የጠራው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ የለመድኩት ነው።

አስካል ከወገቧ መጉበጥ ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ነጠላዋን እንደለበሰች፣ አማትባ፣ ሦስት ጊዜ ተዘፈቀች። ስትወጣ ቀጥ ብላ ነበር። ብርዱ ነው ያቀናት፤ ደባርቅ ውኃ ውስጥ ማንም ይቀናል። ግን እልልታው ቀለጠ። «ለቀቀኝ! ወገቤን ለቀቀኝ!» ትላለች።

ደመራ ደረሰ። ከውኃው በተለየሁ በአሥራ ስምንተኛው ቀን መሆኑ ነው፤ ውኃው ከጠራ ወዲህ ደግሞ ከባለጸበሎቹ ተራ አላገኘሁም። ነጭ ለብሼ፣ ምርኩዜን ቤት ትቼ ወጣሁ። ዮናስ ከኋላ፣ አስካል ከጎን፣ ሽማግሌዎቹ ከሩቅ። አደባባዩ ድረስ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ዞርኩ። ሁለተኛውን ጥርሴን ነክሼ ዞርኩ። ሦስተኛው ግማሽ ላይ ጉልበቴ ተቆለፈ። ካህናቱ ይዘምራሉ፣ ሰው ይገፋል፣ እኔ ባለሁበት ቆምኩ። አጠገቤ ያሉት የምጸልይ መስሏቸው መንገድ ተውልኝ። ከዚያ መሬቱ ወደ እኔ መጣ፤ እጄን ዘረጋሁ፤ ያገኘሁትን ክንድ ያዝኩ። የአስካል ክንድ ነበር።

ዙሩን በክንዷ ጨረስኩ። ሽማግሌዎቹ አይተዋል። እሷም «አላልኩም?» አላለችኝም፤ ይህ ነው የባሰብኝ።

ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ልብሴን ከቁም ሳጥን እያወጣሁ ሻንጣዋ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፤ በአንዲት ሻንጣ አልሞላም።

አስካል በሩ ላይ ቆመች። «ምን ትሠሪያለሽ አንች ሙሽሪት?»

«ልብሴን እየሰበሰብኩ ነው፣ እትዬ። ተሸንፌያለሁ።»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ዳባት ነዋ! እርስዎ ዘንድ!»

«ዳባት ማን አለ?» አለችኝ። «ወገቤን የፈታልኝን ጸበል ጥዬ ዳባት ምን እሠራለሁ? አውጭው፣ አውጭው፤ ሻንጣውን እፈልገዋለሁ። ዮናስ ነገ ልብሴን ያመጣልኛል። ያ ፀሐይ የሚገባው ክፍል የማን ነው?»

የእኔ ነበር።

ዮናስ አቅፎኝ «እማዬ፣ እሰይ! ቤትሽ ቀረልሽ እኮ!» አለኝ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም።

ይኸው ወር አለፈ። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ነን። ክሎሪኑን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እጨምራለሁ፤ ስትመለስ አሸታ «የመልአኩ ጠረን ዛሬ በረታ» ትለኛለች። ጉልበቴ እየዳነ ነው፤ ለዚህም የምትመሰገነው እሷ ናት። ክንዴን ይዛ ከግድግዳ ግድግዳ ታመላልሰኛለች፤ ይልቀቁኝ ብላት አትሰማም። ትናንት ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስን። እኔ ዘጠኝ ነው አልኩ። እሷ ስምንት ነው አለች። ዘጠኝ ነው፣ የሒሳብ ነገር ለእኔ ይተዉልኝ አልኩ። ስምንት ነው፣ ሙሽሪት፣ አትዋሺ አለች። ስላልተስማማን እንደገና ከአንድ ጀመርን።